ሦስት የነጋዴ ሳጥኖች

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ዳሩ ግን ምሳሌው ሳይናገረው የቀረ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚወረስ አለመሆኑ ነው፤ የሚወረሰው ጠባቂ ያገኘው ብቻ ነው። ጠባቂውም ብዙ ጊዜ ጽሑፉን የጻፈው ሰው አይደለም፤ በቤት የቀረችው ሚስት፥ እኅት ወይም ልጅ ናት። ወረቀት የሚጠፋውም የሚተርፈውም በቤት ውስጥ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለን ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት አሰብን።

በአዲስ ቅዳም

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን አዲስ ቅዳምን እንመልከት። አገሩ የአዊ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ረዥም፥ ዝናቡም ብዙ ነው። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በእህሉና በከብቱ፥ በፈረሱም ይኖር ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ሀብት ተጨምሮለታል። «ዲከረንስ» የሚባለው፥ ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣው የግራር ወገን ዛፍ በማሳው ላይ ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል እህል ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ በዛፎቹ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመትም ዛፉ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል። ከሰሉም በጆንያ እየታሰረ በጭነት መኪና ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ገበሬው ነጋዴም ሆነ፤ ነጋዴም ስለ ሆነ በቤቱ ወረቀት በዛ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ሳጥኑ ቢከፈት ምን ይገኛል? የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይገኛል፤ የግብር ደረሰኝ፥ የመሬት ኪራይ ውል፥ የችግኝና የከሰል ሒሳብ፥ የብድር ወረቀት ይገኛል። ከነዚህም ጋር የጋብቻ ማስረጃ፥ የልጆች የክትባት ካርድ፥ ከትምህርት ቤት የመጣ የውጤት ወረቀት፥ ርቆ ከሄደ ልጅ የተላከ ፎቶግራፍ ተቀላቅሎ ይገኛል። በአንዱ ቤት ሁሉም በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፤ በሌላው ቤት ከጣራው ማገር ላይ ተሰክቶ ጢስ ሲጠጣ ይኖራል። ባለቤቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ሚስቱ ግን ላታውቅ ትችላለች፤ ልጆቹማ ከነመኖሩም አልሰሙ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ተራ ወረቀት መስሎ ይታየናል። የነጋዴ ቤት ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ለማስተዋል ግን የቀደሙትን ሰዎች ነገር መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ሰዎች ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የመዳብ ባለጸጎች ቤት

በብሪታንያ ምድር፥ በዌልስ አገር፥ ስዋንሲ በምትባለው የባሕር ወደብ ቪቪያን የሚባሉ ቤተሰብ ነበሩ። አባትየው ጆን ቪቪያን ከኮርንዎል የመዳብ ንግድ ተነሥተው በ1810 ሃፎድ በተባለው ስፍራ የመዳብ ማቅለጫ አቆሙ። ልጃቸው ጆን ሄንሪ ቪቪያን ከ1785 እስከ 1855 የኖሩ ሲሆኑ፥ ሥራውን እጅግ አስፋፉት። አንድ ቶን መዳብ ለማውጣት ብዙ ቶን የድንጋይ ከሰል ይነድ ስለ ነበር፥ ከሰሉን ወደ መዳቡ አገር ከማጋዝ ይልቅ የመዳቡን ድንጋይ ወደ ከሰሉ አገር በመርከብ ማምጣት ይረክስ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩ መጀመሪያ ከኮርንዎል፥ በኋላም እስከ ኩባና እስከ ቺሊ ካለው ሩቅ አገር ወደ ስዋንሲ ይጓዝ ጀመር።

ከማቅለጫው የሚወጣው ጢስ ግን ሣሩን አደረቀ፥ ከብቱንም ጎዳ፤ ገበሬዎችም በ1833 በፍርድ ቤት ከሰሱ። ባለጸጋው ጢሱን የሚቀንስ ዘዴ እንዲፈለግ በ1820ዎቹ ዓመታት ፋራደይን የመሰሉ ሊቃውንትን አማክረው ነበር። የከሰል ጢስ ከጎረቤት ጋር የሚያመጣውን ነገር የአዲስ ቅዳም ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ስለ ሆነ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የዚህ ቤተሰብ ወረቀት ዛሬ በዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ታሪክ ጸሐፊዎች የመዳብ ንግድ እንዴት እንደ ተካሄደ፥ የባለጸጋው ቤትም እንዴት እንደ ኖረ ከዚያው ያነባሉ።

የኛስ አገር ነጋዴዎች? በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ በሸዋና በሐረር የነገዱ፥ እርስ በርሳቸውም የተዋወቁ የሦስት ሰዎች ወረቀት ሦስት ዐይነት ዕድል ገጠመው። አንዱ ተቃጠለ፤ አንዱ ታረመ፤ አንዱ እንዳለ ተጠበቀ። ሦስቱንም ሳጥን በየተራ እንክፈት።

አንደኛው ሳጥን፤ የተቃጠለው

ሙሴ ፒየር ላባቱ የሚባሉ ፈረንሳዊ ነጋዴ በሸዋ ብዙ ዓመት የኖሩ፥ እዚሁም ሚስት አግብተው ቤት የሠሩ ሰው ነበሩ። በ1885 ከአገራቸው ልጅ ከሙሴ አርቱር ራምቦ ጋር ተዋውለው ወደ 2,000 የሚሆን ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ለመሸጥ ተነሡ። ዕቃው በታጁራ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ሳለ ሙሴ ላባቱ በጽኑ ታመሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1886 ሞቱ። ሙሴ ራምቦ በኦክቶበር 1886 ከታጁራ ተነሥተው፥ የአፋርን በረሓ አቋርጠው፥ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ገቡ።

ነጋዴ የሞተ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። የሟቹ ዕዳ አለብኝ የሚል አይመጣም፤ ለሟቹ አበድሬ ነበር የሚል ግን ከየአቅጣጫው ይመጣል። በሙሴ ራምቦ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ንጉሡ የላባቱን ዕዳ ከዋጋው ላይ ቀነሱ፤ የቀረውንም ሒሳብ በሐረር ደጃዝማች መኰንን እንዲከፍሉ አዘዙ። የሟቹ ሚስትም የባላቸውን ቤትና ዕቃ ይዘው ተሟገቱ።

ሙሴ ራምቦ ይህን ሁሉ በኖቬምበር 1887 በዓደን ለነበሩት የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል በጻፉት ደብዳቤ ይተርካሉ። በዚያው ደብዳቤ ከሁሉ የሚያሳዝነውን ነገር እንደ ቀላል አድርገው ያወሩታል። በመበለቲቱ ቤት ሟቹ የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉባቸው ከ30 ያላነሱ ደብተሮች አገኙ። ወይዘሮዋ እየተራገሙ ሲከለክሉ ደብተሮቹን ወደ እሳት ጣሏቸው። ለምን ቢባል፥ ገለጥ ገለጥ አድርገው ሲያዩት የማይረባ ወሬ መሰላቸው። ኋላ ግን በገጾቹ መካከል የንብረት ማረጋገጫ ወረቀት ገብቶ እንደ ነበረ ሰዎች ነገሯቸው። እሳት የበላውን ወረቀት መመለስ አይቻልምና ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። እኒያ ወይዘሮ ፈረንሳይኛውን ማንበብ ይችሉ እንደ ሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ቢሆንም በቤታቸው ያለው ወረቀት ክቡር ነገር መሆኑን ተረድተው ነበር፤ ማንበብ የሚችሉት ሙሴ ራምቦ ግን አልተረዱትም። ጠባቂዋ ሴት እውነተኛ ሆና ተገኘች፤ የተማረው ሰው ተሳሳተ። ዛሬ ስለ እኒህ ወይዘሮ የምናነበው ግን ወረቀታቸውን ያቃጠለው ሰው ስለ እርሳቸው የጻፈውን ነው። ስማቸው በደብዳቤው የለም፤ የሚጠሩት የላባቱ መበለት ተብለው ብቻ ነው። ነገሩን በራሳቸው አፍ የተናገሩበት ጽሑፍ ቢተርፍ ኖሮ ዛሬ ታሪኩ በሁለት ወገን ይነበብ ነበር።

ሁለተኛው ሳጥን፤ የታረመው

ሙሴ ራምቦ ራሳቸው በ1854 በፈረንሳይ አገር በሻርልቪል የተወለዱ ናቸው። በልጅነታቸው ግጥም ጽፈው በአገራቸው ከታላላቆቹ ባለቅኔዎች የሚቈጠሩበትን ሥራ ሠሩ፤ 21 ዓመት ሳይሞላቸውም ግጥሙን ተዉት። በ1880 ወደ ሐረር መጥተው ቡናና ቆዳ፥ የዝሆን ጥርስም የሚነግዱ ሆኑ። ከሐረርና ከዓደን ለእናታቸውና ለእኅታቸው ብዙ ደብዳቤ ጻፉ። በነዚያ ደብዳቤዎች ስለ ሙቀቱ፥ ስለ ገንዘቡ፥ ስለ ድካማቸው ያማርራሉ፤ መጻሕፍትም እንዲላክላቸው ይለምናሉ። በ1885 ከለመኗቸው መጻሕፍት አንዱ አንቷን ዳባዲ ያዘጋጁት፥ በ1881 የታተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር።

እናቲቱ በገጠር የምትኖር ጥብቅ ሴት ነበረች፤ ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ከቤተሰቡ እጅ ሳይጠፉ ቆዩ። ሙሴ ራምቦም እግራቸው ታሞ፥ በማርሴይ ሐኪም ቤት ከተቈረጠ በኋላ፥ በኖቬምበር 10 ቀን 1891 ሞቱ። እስከ መጨረሻው ከአልጋቸው አጠገብ ሆና ያስታመመቻቸው እኅታቸው ኢዛቤል ነበረች።

ኢዛቤል ወንድሟን ትወድ ነበር፤ ፍቅሯ ግን ወረቀቱን ጎዳው። ባሏ ፓተርን ቤሪሾን ደብዳቤዎቹን በ1899 በመጽሐፍ ሲያሳትሙ፥ የተጻፈውን እንዳለ አላወጡትም። ሻካራውን ቃል አለሰለሱት፤ የገንዘቡን ቍጥር በአንዳንድ ስፍራ ከፍ አደረጉት። ሟቹ የተሳካላቸው ነጋዴና የተቀደሱ ሰው መስለው እንዲታዩ ፈለጉ። በኋላ የተነሡ መርማሪዎች በእጅ የተጻፈውን ዋናውን ከታተመው ጋር ሲያስተያዩ እርማቱ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ዋናው የጠፋው ደብዳቤ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። አንዱን ቍጥር ያሳመረ እጅ የቀሩትንም ቍጥሮች አሳጣ።

በቤታችንም እንዲህ ያለው ነገር ይደርሳል። አባት የተበደረበትን ወረቀት ልጅ አፍሮ ይቀደዋል፤ ወይም የአያት ታሪክ ሲጻፍ የማያምረው ይዘለላል። ሟችን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰውን የሚያከብረው እውነተኛ መልኩ ነው። ያማረ ሐሰት ግን አንድ ቀን ሲገለጥ እውነቱንም ይዞት ይወድቃል።

ሦስተኛው ሳጥን፤ እንዳለ የተጠበቀው

ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የስዊስ ሰው ናቸው፤ እርሳቸውም እንደ ሙሴ ራምቦ በ1854 ተወለዱ። በዙሪክ የመሐንዲስነት ትምህርት ጨርሰው በ1879 ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ሸዋ ገቡ። ንጉሥ ምኒልክ አዲሱን መሐንዲስ ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ አዘዟቸው ተብሎ ይተረካል። በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገቡ። በ1894 ለምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ተቀበሉ፤ በ1897ም የመንግሥት አማካሪ ተባሉ። በማዕድን በኩልም በወለጋ ወርቅ ለማውጣት ፈቃድ አግኝተው ነበር። በ1895 ወይዘሮ ፋኒ ጋቲከርን አግብተው በአዲስ አበባ ቤት ሠሩ። ሥራቸውን ትተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1916 በዙሪክ ሞቱ።

ሙሴ ኢልግ የሚቀበሉትን ደብዳቤ የሚያኖሩ ሰው ነበሩ፤ ቤተሰባቸውም ከእርሳቸው በኋላ አኖረው። ከ1888 እስከ 1891 ከሙሴ ራምቦ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ በ1965 ዣን ቮልሚ በሚባሉ ሰው አዘጋጅነት በፓሪስ ታትሞ ወጣ። ያነሧቸውና የሰበሰቧቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ2004ም ስለ እነርሱ ትልቅ መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። የዳግማዊ ምኒልክን አደባባይ፥ የዚያን ጊዜውን ገበያና ሕንፃ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ከሚመለከታቸው ምስሎች ብዙዎቹ ከዚህ ቤት የተረፉ ናቸው።

የደብዳቤዎቹ ነገር አብዛኛው ተራ ንግድ ነው። ሙሴ ራምቦ ከሐረር ጨርቅና ዶቃ፥ ድስትና ሌላም ልዩ ልዩ ዕቃ ወደ ሸዋ ይልካሉ፤ ሙሴ ኢልግ ደግሞ ሸጠው ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድም ይመልሳሉ። ገንዘቡ ይዘገያል፤ ሲራራው በመንገድ ይጉላላል፤ አንዱ ሌላውን ይወቅሳል፥ ደግሞም ያሥቀዋል። በአንድ ደብዳቤ ሙሴ ኢልግ መጻፍ ለማይችል ሕዝብ የማስታወሻ ወረቀት ሽጥልኝ ማለት ከልክ ያለፈ ነገር ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ዛሬ የአዲስ ቅዳም ልጅ ሁሉ ደብተር በክንዱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቢያዩት ኖሮ ቀልዳቸውን መልሰው በወሰዱት ነበር።

በዚያው መዝገብ ግን ቀልድ የሌለበት አንድ ነገር አለ። ሙሴ ራምቦ በዴሴምበር 1889 በጻፉት ደብዳቤ አንድ መልካም በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዙላቸው ሙሴ ኢልግን ለመኑ። በቅሎውና ልጆቹ በአንድ መስመር ላይ ተጽፈው ይነበባሉ። ሙሴ ኢልግ በኦገስት 1890 ሲመልሱ፥ ባሪያ ገዝቼ አላውቅም፥ አሁንም ልጀምር አልፈልግም ሲሉ ልመናውን አልተቀበሉትም።

ይህን ወረቀት መቅደድ ቀላል ነበር። የስመ ጥሩ ባለቅኔ ስም እንዳይጐድፍ በማለት ማቃጠልም ይቻል ነበር። ነገር ግን ተጠበቀ፤ በመጠበቁም ልመናው እንደ ተደረገ፥ እምቢታውም እንደ ተሰጠ ለማወቅ ቻልን። የሰው ልጅ እንደ ከብት የሚጠየቅበትን ዘመን ልጆቻችን በወሬ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያዩታል። በኛም በጎጃም ከባሶ ገበያ ወደ መተማ ይወርድ የነበረው ሲራራ ከቡናና ከወርቅ ጋር ሰው ይነዳ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ባርነት በአገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። በሐረር የተለመኑት ሁለት ልጆች እነማን ይሆኑ እንደ ነበር ወረቀቱ አይናገርም፤ ስም አልተሰጣቸውም። የኢልግ ሳጥን የተጠበቀው የኢልግ ቤት ስለ ነበረው ነው፤ ለነዚያ ልጆች ሳጥን የሚያኖር ቤት አልነበራቸውም።

በገዳማትና በአድባራት የተረፈው

ይህን ስንል አባቶቻችን ወረቀት አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም። በጎንደር መንግሥት ዘመንና ከዚያም በኋላ በጎንደርና በጎጃም የመሬት ሽያጭ፥ ስጦታና ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ በምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። ቤት ቢቃጠል መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን ይተርፋልና ይህ ታላቅ ብልሃት ነበር። መርማሪዎች እነዚያን ገጾች ሲያነቡ ወይዛዝርት መሬት ሲሸጡና ሲገዙ፥ ሲያወርሱና ሲሟገቱ አገኟቸው። በቃል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፥ በጽሑፉ ግን ሴቶቹ በስማቸው ቆመው ይታያሉ።

ይህ ሥርዓት በዛሬው ዘመን ሌላ መልክ ይዞ ተመልሷል ብንል ስሕተት አይሆንም። የዐማራ ክልል የገጠር መሬት ዐዋጅ በ1992 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት የሁለቱም ስም ይጻፍበታል፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፍበታል። የላባቱ መበለት በእሳት ፊት ቆመው የጐደላቸው ይህን የመሰለ ወረቀት ነበር።

ለቤት የሚሆን ምክር

እንግዲህ ከሦስቱ ሳጥኖች የተገኘውን ትምህርት ወደ አዲስ ቅዳም ቤት፥ ደግሞም ወደ አንባቢ ሁሉ ቤት እናምጣው።

አንደኛ፤ ሰው በሞተ ጊዜ ወረቀቱን በኀዘኑ ሰሞን አታቃጥሉ፥ አትጣሉም። ተዝካሩ እስኪወጣ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ማንበብ የሚችል የታመነ ዘመድ፥ የሟቹ ሚስት ወይም ባል አጠገቡ ሆነው፥ ገጹን አንድ በአንድ ይግለጥ። በማይረባ ደብተር መካከል የሚረባ ወረቀት ሊኖር እንደሚችል አይተናል።

ሁለተኛ፤ የመሬቱ ደብተር የት እንደ ተቀመጠ ባልና ሚስት እኩል ይወቁ። በስሙ ሁለት ሰው የተጻፈበትን ደብተር አንዱ ብቻ ቢሸሽገው የሌላው መብት በሳጥን ተቈለፈ ማለት ነው። ለአበዳሪ በቃል ስምምነት አሳልፎ መስጠትም አይገባም። የመሬት ኪራይ ወይም የዛፍ ሽያጭ ውል ሲደረግ በጽሑፍ ይሁን፤ አንዱ ቅጂ በቤት ይቅር።

ሦስተኛ፤ እርጥበትን ፍሩ። በአዊ ደጋ ክረምት ወረቀት በመሬት ላይ ወይም በጭቃ ግድግዳ ጥግ ቢቀመጥ ይሻግታል፤ ምስጥም ያገኘዋል። ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የእሳት ጢስ ምስጥን ቢያርቅም ወረቀቱን ያጠቍረዋልና ከምድጃ በላይ አትስቀሉት። የረጠበ ወረቀት በላስቲክ ቢታሰር በውስጡ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በበጋ አንድ ደረቅ ቀን መርጣችሁ ከጥላ ሥር አናፍሱት፤ ፀሐይ ግን ቀለሙን ስለምታጠፋው በፀሐይ አታስጡት።

አራተኛ፤ በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ የሰውየውን ስም፥ የቦታውንና የዘመኑን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። ይህንም አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ አድርጉት። አያት በአውኚ የነገሩትን በአውኚ ጻፉት፤ በአማርኛም የሚፈልግ ይጨምርበት። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የእንግዳ ሰው መልክ ይሆናል።

አምስተኛ፤ ዋና ዋናውን ወረቀት አስገልብጡ፤ በእጅ ስልክም ፎቶግራፍ አንሡት። ቅጂው ግን ከዋናው ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ፤ እኅት ወይም ወንድም ዘንድ ይኑር። አንድ እሳት ሁለት ቤት በአንድ ቀን አይበላም።

ስድስተኛ፤ አትፋቁ፥ አትሰርዙ፥ አታሳምሩ። በወረቀቱ ያለው ነገር የሚያሳፍር ወይም የተሳሳተ ቢመስላችሁ፥ የምታውቁትን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። የእናንተም ቃል የቀደመውም ቃል ለልጆቻችሁ ይደርሳል።

ሰባተኛ፤ ኑዛዜ የሚያደርግ ሰው የሕጉን ሥርዓት ይጠብቅ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈው ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ የተጻፈ፥ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፥ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ሌላው ሰው የሚጽፍለት እንደ ሆነ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። ይህ ሳይሟላ ቢቀር ልጆች በፍርድ ቤት ደጅ ዓመት ሊፈጁ ይችላሉ።

ስምንተኛውና የመጨረሻው፤ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ አንድ ዝርዝር ለጥፉ። ምን ወረቀት እንዳለ፥ የማን እንደ ሆነ፥ ቅጂው የት እንደሚገኝ ይጻፍበት። በዓመት አንድ ቀን፥ ቤተሰቡ ለበዓል ሲሰበሰብ፥ ዝርዝሩ ለልጆች ይነበብ። ልጅ ያላየውን አይጠብቅምና።

የቪቪያን ቤተሰብ መዳብ ቀልጦ በየአገሩ ተበትኗል፤ ማቅለጫውም ጠፍቶ ጢሱ ቆሟል። የላባቱና የራምቦ ጠመንጃ ዛግቷል። የኢልግ የእንጨት ድልድይም የለም። ከዚያ ሁሉ ሀብት የተረፈው በቤት ሰው እጅ የተጠበቀው ወረቀት ነው። የአዲስ ቅዳምም ከሰል እንዲሁ በየምድጃው ነድዶ አመድ ይሆናል። እናት፥ አባት፥ እኅት፥ ወንድም የሆናችሁ አንባብያን ግን ዛሬ ማታ ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ያለውን ብትቈጥሩ፥ ዛፉን ማን እንደ ተከለ፥ መሬቱ የማን እንደ ነበረ፥ ልጆቹንም ማን እንዳስተማረ በስም የሚናገር ነገር ለልጅ ልጆቻችሁ ይቀራል።